ቦርሳውን የያዘው ሰው

«ጠይቂው! ስሙን ጠይቂው እንጂ!»

መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብለው ሲጮሁ የወደቁ መስሎኝ ከኪችን እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። እማማ ነው የምላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማታ ማታ ሆም ኬር የምሰራላቸው አሜሪካዊት ናቸው፣ ዘጠና አልፏቸዋል፣ እማማ ማለት ምን እንደሆነ ነግሬያቸው ወደውታል፣ ትርጉሙን ቢረሱትም ስጠራቸው ዞር ይላሉ። ያን ቀን ሶፋው ጫፍ ላይ ሰገግ ብለው፣ ሪሞቱን እንደ ዱላ ጨብጠው፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ያለችን አንዲት ቆንጆ ልጅ ይቆጣሉ። የገዛ እህታቸው ልጅ ፊታቸው ቆማ የምትሳሳት ነበር የሚመስለው።

ትዝታቸው እየከዳቸው ስለሆነ ያንን ዲቪዲ በሳምንት ሁለት ሶስቴ እናየዋለን፣ ለእሳቸው ሁሌም አዲስ ነው። ዘፈኖቹን ግን አይስቱም። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል፣ ቁርስ መብላታቸውን የማያስታውሱ ሴትዮ ግጥሙን አንድ ቃል ሳይጥሉ ያወርዱታል። እና ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁሌም ይጮሃሉ፣ ጠይቂው እንጂ። ልጅቷ ሁሌም አትጠይቅም። እኔ ደግሞ ሁሌም ያቺ ቦታ ስትደርስ ተነስቼ ወደ ኪችን እሄዳለሁ፣ የማጥበው እቃ ባይኖርም ቧንቧ እከፍታለሁ። ለምን እንደሆነ ለራሴ ለመናገር ወራት ፈጅቶብኛል፣ ዛሬ ልጽፈው ነው።

የሰው እቃ

ፊልሙ «ቶፕ ሃት» ነው፣ በፈረንጆች የ1935። ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ አብረው ከሰሯቸው አስር ፊልሞች አራተኛው፣ ዘፈኖቹ የአርቪንግ በርሊን። ታሪኩን በሙሉ አልተርክም፣ ላየው ሰው መድገም ነው፣ ላላየው ደግሞ ማበላሸት ነው። ለኔ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ብቻ ልንገራችሁ።

ጄሪ፣ አስቴር የሚጫወተው፣ ዳንሰኛ ነው፣ ሎንደን ሾው ሊያቀርብ መጥቶ ጓደኛው ሆራስ ጋ ሆቴል አርፏል፣ ማታ ደስ ብሎት ክፍሉ ውስጥ እየዘለለ ሲደንስ ከታች የተኛችውን ዴልን፣ ሮጀርስ የምትጫወታትን፣ ይቀሰቅሳታል። ተናዳ ወደ ላይ ትወጣለች፣ እሱ እንዳያት ልቡ ይሄዳል። እሷ ተመልሳ ስትተኛ ወለሉ ላይ አሸዋ በትኖ፣ ጫማውን አሸዋው ላይ ቀስ እያደረገ እየጎተተ፣ በዛ ሽው ሽው በሚል ድምጽ ያስተኛታል። ይሄን ሲን በጣም ነው የምወደው፣ በቀሰቀሰበት እግር ነው መልሶ ይቅርታ የሚጠይቀው። በነጋታው ፓርክ ውስጥ ዝናብ ይይዛቸውና አንዲት የሙዚቃ ድንኳን የመሰለች ጣሪያ ስር ይጠለላሉ፣ እሱ ይዘፍናል፣ እሷ የፈረስ መጋለቢያ ሱሪዋን እንደለበሰች ኪሷ ውስጥ እጇን ከታ ከኋላው እየተከተለች እርምጃውን እየመለሰችለት ትጀምራለች፣ ነጎድጓዱ ሲመታ ሁለቱም ይለቁታል፣ ሲጨርሱ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ይጨባበጣሉ። አይሳሳሙም፣ ይጨባበጣሉ። ሁለት እኩያ ሰዎች አንድ ነገር አብረው ሰርተው እንደጨረሱ።

በዚህ ሁሉ መሃል ግን ስሙን አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ዴል ማጅ የምትባል ጓደኛ አለቻት፣ የሆራስ ሚስት ናት፣ ባሏን ግን ዴል በአይኗ አይታው አታውቅም። እዛው ሆቴል እንዳለ ስታውቅ የሆቴሉን ሰራተኛ የቱ ነው ትለዋለች። ያ ላይ ያለው፣ ቦርሳና ከዘራ የያዘው፣ ይላታል። እውነቱን ነው፣ ቦርሳውን ይዞ የነበረው ሆራስ ነው። ግን ሆራስ ለስልክ ተጠርቶ ቦርሳውንም ከዘራውንም ለጄሪ አስያዘውና ሄደ። እሷ ቀና ብላ ስታይ ቦርሳና ከዘራ የያዘው ዝናብ ውስጥ አብሯት የደነሰው ሰው ነው። የጓደኛዋ ባል።

እስኪ እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። እኔ ስንት ጊዜ ወደኋላ መልሼ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ማንም አልዋሸም እኮ። ሰራተኛው የሚያውቀውን ነው የተናገረው። አይኗም አልዋሻትም፣ ሰውየው በእርግጥ ቦርሳ ይዟል። ጄሪ ደግሞ የሰራው ጥፋት «እስኪ ይቺን ያዝልኝ» ሲባል መያዝ ነው። ሶስቱም እውነት ነው፣ ሲደመር ግን ውሸት ሆነ። እና የሚያመኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው የተፈረደበት ክፉ ሲሰራ ተይዞ አይደለም፣ ለሰው ደግ ሲሆን ተይዞ ነው። እየሳቀ ወደሷ ሲመጣ በጥፊ ትለዋለች፣ እሱ ለምን እንደተመታ ሳያውቅ ጉንጩን ይዞ ይቀራል።

የዚህ ፊልም ታሪክ ቀሽም ነው፣ አንድ ጥያቄ ብትጠየቅ አስር ደቂቃ ውስጥ ያልቅ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እማማም በራሳቸው መንገድ እንደዛ ነው የሚሉት። እኔም እንደነሱ እል ነበር፣ አራተኛ ፎቅ ባይኖር።

አራተኛ ፎቅ

2008 ላይ ካዛንቺስ አንድ ህንጻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ሂሳብ እሰራ ነበር። አራተኛ ፎቅ የህትመት ዲዛይን የሚሰራ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፣ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ስም ላይ ነው፣ ምክንያቱም አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ደግሞ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። እንደምታውቁት እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፣ የአባት ስም ፔይሮልና መታወቂያ ላይ ነው የሚወጣው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ እኔ ያንን ስም መልአኩ ለሱ ብቻ ያወጣለት ነበር የሚመስለኝ፣ ኮሪደር ላይ ሰው ሲጠራው ስሰማ ራሱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከስር ያለው ካፌ ማኪያቶ እንጠጣ ነበር፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ ሁለታችንም እንወርዳለን። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ታክሲ ተራ ሳንደርስ ያዘንና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠግተን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር ስለማይቻል ዝም ብለን ነው የቆምነው፣ አንዳንዴ እየተያየን እንስቃለን። እጄን አልያዘም፣ እወድሻለሁ አላለኝም። ሲያባራ «ደህና እደሪ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን እንደሚወደኝ አውቄያለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ብትጠይቁኝ የማሳየው ማስረጃ የለኝም፣ ግን አውቄያለሁ።

ህዳር ላይ ነው፣ 2009፣ ከባንክ ስመለስ ዘበኛው ጋሼ በር ላይ አስቆሙኝና «ወደ ላይ ስትወጪ ባለቤቱ መጥታለች በይልኝማ፣ ከነልጇ ወንበር ሰጥቻቸዋለሁ» አሉኝ። የማን ባለቤት አልኩ። ስሙን ጠሩልኝ። የቱ አልኩ፣ ይሄን እንኳን ብያለሁ፣ «አራተኛ ፎቅ ያለው ነዋ» አሉኝ። ዞር ስል አንዲት ቆንጆ ሴት ሶስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛ ቁጭ ብላለች።

ከዛ ደረጃው ላይ እሱ መጣ። እየሮጠ ነው የወረደው። ልጅቷን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣት፣ እሷም ጸጉሩን ያዘች፣ ሴትዮዋ የልጅቷን ቦርሳ አቀበለችውና ተሳሳቁ። ቦርሳው ሮዝ ነበር፣ ጥንቸል ያለበት። ይሄ ሁሉ ስንት ሰከንድ ነው፣ አስር? አስራ አምስት? ቀና ሲል አየኝና ፊቱ በራ፣ እጁን አነሳ፣ ነይ ላስተዋውቅሽ የሚል አይነት። እኔ ፊቴን አዞርኩና በሌላኛው ደረጃ ወጣሁ።

አባትየው ስብሰባ ላይ ስለነበረ ነው። «እስኪ ውረድና ልጄን ያዝልኝ፣ ብስኩት ግዛላት» ብሎት ነው የወረደው። ይሄን ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ዝም

ስምንት ወር አኮረፍኩት። የሻይ ሰዓቴን ወደ ዘጠኝ አዛወርኩ፣ ስልኩን አላነሳም፣ ሶስተኛ ፎቅ በር ላይ ሲቆም «ስራ ላይ ነኝ» እላለሁ ቀና ሳልል። መጀመሪያ ሰሞን ቴክስት ይልክ ነበር፣ ምን ሆንሽ፣ አሞሽ ነው ወይ፣ ከዛ እየቀነሰ ሄደ፣ ከዛ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር ማየት ጀመርን። ግንቦት ላይ ናይሮቢ ስራ አግኝቶ ሄደ አሉ፣ ሽኝቱ ላይ አልተገኘሁም። ሐምሌ ላይ አራተኛ ፎቅ የልጅ ልደት ነው ኬክ ብሉ ተብለን ተጠራን፣ ስንወጣ ያቺ ሴትዮ አለች፣ ያቺ ልጅ አለች፣ ልጅቷ «አባዬ» እያለች እየሮጠች ሄዳ በወሬ እንኳን የማላውቀው ራሰ በራ ሰውዬ ላይ ተጠመጠመች። ሰዎቹ የሰውየውን ስም እየጠሩ እንኳን አደረሰህ ሲሉት ሰማሁ። ኬኩን በሳህን ይዤ ቆሜያለሁ፣ የሆነ ሰው አብዪ አለኝ፣ አልበላሁም።

እኛ ሰዎች ኩርፊያን እንደ ንግግር ነው የምንቆጥረው። ያኮረፈ ሰው ብዙ የተናገረ ነው የሚመስለው፣ እዛኛው ጋ ግን ምንም ቃል አልደረሰም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ፣ ይሄንን ተረት ስንት ጊዜ ክብር አድርጌ እንደያዝኩት። ሌላም ተረት አለን እኮ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ይሄንንም አውቀው ነበር። ግን ያኔ ነገሩ የተገላበጠ ነበር የሚመስለኝ፣ ለመናገር መጀመሪያ ደጃዝማች መሆን ያለብኝ። ምኑ ሆኜ ነው የምጠይቀው? እጮኛው አይደለሁም፣ ፍቅረኛህ ነኝ ብዬው አላውቅ፣ ብሎኝ አያውቅ። «ሚስት አለችህ ወይ» ብዬ ብጠይቅ እኮ ጥያቄዬ ራሱ እወድሃለሁ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ «አዎ አለችኝ፣ ምነው?» ቢለኝ ያቺ «ምነው» ላይ ምን ይዤ እቆማለሁ። ስለዚህ መልሱን ራሴ መለስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው፣ እኔ የደፋሁትን ለመልቀም እንኳን ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ዴልን አሁን ሳያት የምረዳት እዚህ ጋ ነው። ቬኒስ ሄዳ ጓደኛዋ ማጅን ባልሽ ሎንደን ላይ ሊያማልለኝ ነበር ብላ ትነግራታለች፣ ያንን ለመናገር ድፍረት አላት። ሰውየውን ለማስደንገጥ ክፍሉ ድረስ ገብታ ድሮ ፓሪስ የተዋወቁ አስመስላ ትተውናለች፣ ለዛም ድፍረት አላት። ጥፊውም ድፍረት ነው። አንድ የጎደላት «አንተ ማነህ» ማለት ነው፣ ምክንያቱም ያ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ራቁት ያስቀራል። ተሳስቼ ከሆነስ የሚል ተስፋ አለበት ውስጡ፣ እና ተስፋ እንዳለሽ ለበደለሽ ሰው ማሳየት በጥፊ ከመምታት ይከብዳል።

ላባው

ከዚያ ያ ዳንስ ይመጣል፣ «ቺክ ቱ ቺክ»፣ ጉንጭ ለጉንጭ። እራት ላይ ናቸው፣ ማጅ ዴልን ከጄሪ ጋር ልታገናኛት ካሰበች ቆይታለች፣ ስለዚህ ተነሱ ደንሱ ትላቸዋለች፣ ሲደንሱም በእጇ ጠጋ በሉ እያለች ታመለክታለች። ዴል ሚስትየዋ ራሷ ባሏን የምትሰጣት ነው የሚመስላት። ግራ ገብቷታል። ትንሽ ትግደረደራለች፣ ከዛ እሷ ግድ ካልሰጣት እኔ ምን ቸገረኝ አይነት ነገር ትላለች፣ ከዛ ራሷን ለዳንሱ ትለቃለች።

አስቴር ሲደንስ ካሜራው ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሰውነት እንዲያሳይና እንዳይቆራረጥ ነበር የሚፈልገው። ለዚህ ነው እነዚህ ዳንሶች ዛሬም የማይሞቱት መሰለኝ፣ ፊት ብቻ ቢያሳይ ፊት ይዋሻል፣ እዚህ ግን ጀርባዋን ታያላችሁ፣ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዛ በልኩ ይለሰልሳል፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ታጥፋ እጁ ላይ ትወድቃለች። ሰውነቷ ይሄ ሰው አይዋሽም ብሎ ፈርዷል። አይኗ ያየው ቦርሳ ደግሞ ይዋሻል ብሏል። ሁለት ምስክር አላት።

ቀሚሱ በሰጎን ላባ የተሰራ ነው፣ ጂንጀር ሮጀርስ ራሷ ናት እንደዛ እንዲሰራ የፈለገችው፣ ቀለሙ ውሃ ሰማያዊ ነበር ፊልሙ ላይ ነጭ ቢመስልም። ልምምድ ላይ ላባው እየረገፈ አስቴር አይንና አፍንጫ ውስጥ እየገባ አስቸግሮት በጣም ተናዶ ነበር፣ እሷ ግን ቀሚሱን አልለቅም አለች፣ በኋላ እርቅ ሲወርድ ትንሽ የወርቅ ላባ በስጦታ ሰጣት፣ ከዛ በኋላም ላባ እያለ ይጠራት ነበር። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ዛሬም ፊልሙ ላይ ጥቂት ላባዎች እየተንሳፈፉ ወደ ወለሉ ሲወርዱ ይታያሉ። እማማ እነሱን በጣት ይቆጥራሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት። እኔም የሙዚቃው ፍጥነት ረገብ ሲል ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። እዛ ጋ አፏን ከፍታ አንዲት ቃል ብትል። ወይ እሱ ለምንድነው የመታሽኝ ቢል። ዳንሱ ያልቃል፣ ጥግ ላይ ቆመው ይተያያሉ፣ እሱ አግቢኝ ይላታል፣ ሁለተኛውን ጥፊ ይቀበላል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን እኔ በወራት ማኪያቶና በአንድ ሰዓት ዝናብ የተማርኩትን አስራ አምስት ሰከንድ ደረጃ ላይ ባየሁት ቀየርኩት። አይን ፈጣን ነው፣ ሌላኛው እውቀት ደግሞ ድምጹ ትንሽ ነው፣ እንደዛ አሸዋ ላይ እንደሚጎተተው ጫማ። ለምን ሁልጊዜ ማስረጃ ያለውን እንደምናምን አላውቅም። ምናልባት በማስረጃ የተሳሳተ ሰው ሰው ፊት አያፍርም፣ በልቡ አምኖ የተሳሳተ ሰው ግን ሞኝ ይባላል፣ እኔ ሞኝ ላለመባል ነው ያን ሁሉ ወር የቆምኩት።

ነሐሴ 1927

ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ደግሞ ለራሴ ታማኝ አልሆንም። ፊልሙ ኒውዮርክ ሬዲዮ ሲቲ ሚውዚክ ሆል የተከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 1927 በኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰው ተሰልፎ ነው የገባው። ስድስት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ3 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ልክ በአምስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ።

ይሄን ቀን ካወቅኩ በኋላ ያንን ቬኒስ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ሙሉ በሙሉ ሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራ ቬኒስ ነው፣ ድልድዩም ቦዩም፣ ውሃው እንዲያምር በጥቁር ቀለም ተነክሯል፣ ጎንዶላው ይንሳፈፋል። አንድ ቤዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ የልብስ ዲዛይነር አለ፣ ለሴት መሳም ለወንድ ጎራዴ እያለ የሚፎክር፣ ሰው የሚስቅበት ገጸ ባህሪ። በዛው ክረምት እውነተኛው ጣሊያን በሱዌዝ በኩል ወታደርና መሳሪያ በመርከብ ወደ ምጽዋ ያመላልስ ነበር። አያቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ከቤተሰቧ ጋር ገደል ውስጥ ዋሻ ያደሩበትን ቀን እስክትሞት ትተርክ ነበር። ፊልሙን በዚህ አልወቅሰውም፣ የጭንቅ ጊዜ ነበር፣ አሜሪካ ራሷ ስራ አጥ ሞልቶባት ሰው ሁለት ሰዓት ጭንቀቱን ሊረሳ ነው ቲኬት የሚገዛው። ግን ጎንዶላዎቹ ሲመጡ አያቴ ትዝ ትለኛለች፣ ያንን ማስቆም አልችልም፣ ማስቆምም አልፈልግም። እማማ አንድ ቀን እንባዬን አይተው «ቆንጆ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው፣ በጣም ቆንጆ ነው።

የፊልሙ መጨረሻ እንዴት እንደሚፈታ ታውቃላችሁ ወይ ትገምታላችሁ። ዴል ተናዳ ቤዲኒን ታገባለች፣ ያጋባቸው ቄስ ግን ኮሌታውን ገልብጦ ያደረገ የሆራስ አገልጋይ ነው፣ ስለዚህ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም። ሌላ ሰው መስሎ የቀረበ ሰው ያስተካክለዋል ማለት ነው፣ ሌላ ሰው መስሎ በታየው ሰው የተበላሸውን። እኔ ጋ ኮሌታውን የሚገለብጥ ሰው አልነበረም። ዲቪ ደረሰኝ፣ መጣሁ።

መልእክቱ

ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት፣ እማማ ከተኙ በኋላ፣ ሺፍቴ ሊያልቅ አራት ሰዓት ሲቀረው፣ ቴሌግራም ላይ ፈለግኩት። ስሙን ከነአባቱ ስጽፍ ብዙ ሰው መጣ፣ ፎቶ በፎቶ እያየሁ አገኘሁት። ጸጉሩ ሳስቷል። አሁንም ናይሮቢ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ስጽፍ ሳጠፋ ስንት ጊዜ እንደፈጀሁ፣ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ፣ 2009 ላይ ያኮረፍኩህ የሌላ ሰው ሚስትና ልጅ ያንተ መስለውኝ ነው፣ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ።

ናይሮቢ ነግቷል፣ ወዲያው አነበበው። እየጻፈ ነው ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና እየጻፈ ነው ይላል። እዛ ጨለማ ሳሎን ውስጥ የእማማን ትንፋሽ እየሰማሁ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

የመጣው መልስ ይሄ ነው፣ ቃል በቃል ልጻፈው ፈቅዶልኛል። «እኔ እኮ የአክስትሽ ለቅሶ ስላልመጣሁ መስሎኝ ነው። ጥቅምት ላይ። ሰፈሩን ጠፍቶኝ ነበር፣ ለሰው ደውዬ እንዳልጠይቅ ምኗ ነህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፣ ዞሬ ዞሬ ተመለስኩ። ከዛ ስታኮርፊኝ እውነት አላት አልኩ። ለቅሶ የቀረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል።»

ሶስት ጊዜ አነበብኩት። አክስቴ ጥቅምት ላይ ነው ያረፈችው፣ ልክ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ማን መጣ ማን ቀረ አልቆጠርኩም፣ እሱ መቅረቱን ልብ ብዬ አላውቅም፣ እስከዛች ሌሊት ድረስ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። እሱ ግን ተሸክሞት ናይሮቢ ድረስ ሄዷል። ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይ ብዬ ጻፍኩለት፣ ሰፈሩ የጠፋብህ ቀን። አዎ ነበር አለኝ፣ የዩኒየኑ ሱቅ ጋ ትልቁ ዋርካ ስር ተጠልዬ ነበር አለኝ። ከዋርካው የኛ ቤት በር ይታያል። ይሄን ልንገረው አልንገረው እያልኩ ስልኬን ይዤ ሳለ እማማ ከመኝታ ቤት ጠሩኝ፣ ውሃ ጠምቷቸው ነው፣ ተነስቼ ሄድኩ።